ደጅ መቀመጥ ክልክል ነው

የካቲት 8፣ 2017

ዛሬ ደግሞ መቀመጥ ተከለከለ።

ቀልድ አይደለም። ከሥራ ስመለስ ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ በሰፈራችን ቀስ እያለች ስትዞር ደረስኩ። «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች! ለከተማችን ገጽታ ሲባል ከአጥር ውጭ ወንበር፣ አልጋ፣ ፍራሽም ሆነ ሰሌን አውጥቶ መቀመጥም ሆነ መተኛት ከዛሬ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው!» ቀጥለው ዘፈን ለቀቁብን። ባለፈው ወር አጥር ላይ ልብስ ማስጣት ተከለከለ። ከዚያ በፊት አጥር ሁሉ ግራጫ ይቀባ ተባለ፤ ቀባን። በዚህ አያያዛቸው ማንኮራፋትም በፈቃድ ይሆናል።

ይህን ደንብ ያወጣው ሰው የካቲትን ጋምቤላ አድሮ ያውቃል? ቤቴ ቆርቆሮ ነው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ እላዬ ላይ ይተፋዋል። መብራት ከሄደ ቬንትሌተሩም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከተማው ሁሉ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንበሩን ይዞ ደጁ የሚወጣው። በቀኝ በኩል ጎረቤቴ ኛሪየክ የትምባሆ ፒፓዋን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ በሬ ላይ። ሁለተኛዋ ወንበሬ ላይ፣ ጀርባውን ለማንጎው ግንድ ሰጥቶ፣ ኦጅዋክ።

ኦጅዋክ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። ጎረቤት ነው ልበል፤ ቤቱ ከገበያው ማዶ ቢሆንም። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። እኔም የፈታሁት ሰው ደብረ ማርቆስ ሌላ አግብቶ ወልዷል። እሱ የመንገዱን ያወራል፣ እኔ የምሠራበትን ላብራቶሪ። ሲመሽ «ደህና እደሩ» ብሎ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ የማንን ገጽታ ያበላሻል?

የካቲት 11

ማንም አልሰማቸውም። ሁሉም ደጁ ላይ ነው። ኛሪየክ «ወንበር የኔ፣ ቂጥ የኔ። መንግሥት ምን አገባው?» አለች። እሷ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ኑዌርኛዋ በአማርኛዋ ውስጥ ሲሄድ ያምርባታል።

ኦጅዋክ ማንጎ ይዞ መጣ። ገና ጥሬ ነው፤ በጨው በላነው።

የካቲት 15

በሪሁን መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ የሂሳብ መምህር። እዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን ረስቶልኝ አያውቅም። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«ደግ አደረጉ» አለ ስለ ደንቡ። «ቤት የተሠራው ሊገባበት ነው። አንቺ ደግሞ ከማንም ጋር መንገድ ዳር ተጎልተሽ።»

«ማንም ማን ነው?»

«ታውቂዋለሽ፣ ሙሉ።»

ስለ ቆርቆሮው ሙቀት ነገርኩት። «ኮርኒስ አሠሪ» አለኝ። ለሁሉም መልስ አለው። እኔም ሙሉ ሰው ነኝ፣ የራሴ ደመወዝ አለኝ፣ የት እንደምቀመጥ የሚነግረኝ አልፈልግም አልኩት። ሲቆጣኝ ሁልጊዜ እንደ ልጅነቴ ያደርገኛል፤ ራሴን የምጠላው ያኔ ነው።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ወንበሮቹ ተወሰዱ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደንብ አስከባሪዎች በአይሱዙ መጡ። የሰፈሩን ወንበር አንድ በአንድ እየነጠቁ መኪናው ላይ ወረወሩት። የኔን ሁለቱንም። ኦጅዋክ ተቀምጦ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተነሣና ራሱ አቀበላቸው! «ለምን ሰጠሃቸው?» ብዬ ጮህኩበት። «ወንበሩ ያንቺ ነው። በወንበርሽ ምክንያት ከሰው ጋር ብጣላ ምን ብዬ እጣላለሁ?» አለኝ። ምን ማለት ነው ይሄ?

ከአስከባሪዎቹ አንዱ ፑዎት ነው፣ የኛሪየክ የእህቷ ልጅ። «አክስቴ፣ ትእዛዝ ነው» ሲላት፣ «ትእዛዝ ነው አንተን ያሳደገ?» አለችው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወንበሯን ወሰደ።

በዚህ ከተማ ሌባ መያዝ ያቃተው ሁሉ ወንበር ይይዛል።

የካቲት 21

የደንብ ማስከበሩን ኃላፊ ሄጄ አነጋገርኩት። አቶ ዘርአብሩክ ይባላል። ቢሮው ኤሲ አለው፤ ከመግባቴ ላቤ ደረቀ። እንዲያውም በረደኝ። ሹራብ ለብሶ ነው የተቀመጠው! ሹራብ ለብሶ ስለ ጋምቤላ ደጅ ይወስናል።

«ሲስተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» ብሎ ጀመረ። ነርስ አይደለሁም፤ ነጭ ጋውን ያየ ሁሉ ሲስተር ይላል። «እንግዳ ይመጣል፣ ባለሀብት ይመጣል። መንገድ ዳር ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ሲያይ ምን ይላል?»

«ሞቆት ነው ይላል።»

አልሳቀም። «ደግሞም ለእናንተው ደኅንነት ነው። ወሬ የሚነዛው፣ ጠብ የሚነሣው ደጅ ላይ ነው።»

«ሰው ቤቱ ሲቀመጥ አይጣላም? ትዳር የሚፈርሰው ደጅ ላይ ነው እንዴ? እኔ ማን አጠገብ እንደምቀመጥ የሚወስንልኝ አላጣሁም፤ ወንድም አለኝ። እናንተን አልጨምርም።»

«የእርስዎ ግቢ ሰፊ ነው አሉ» አለኝ ሳይቆጣ። «ጥላም አለው። የፈለጉትን ሰው ግቢዎ አስገብተው ቢቀመጡ ማን ይነካዎታል?»

ግቢና ደጅ አንድ አይደለም ብዬ ወጣሁ። አንድ አይደለም። ደጅ የሁሉም ነው። ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን ተቀመጥክ ተብሎ አይጠየቅም። አላፊው ሰላም ይልሃል፣ ያልፋል፤ ማንም ማንንም አይዝም። ይህን ሹራብ ለለበሰ ሰው እንዴት አስረዳለሁ?

የካቲት 26

ኦጅዋክ ማታ መጣ። መቀመጫ ስለሌለ ቆርቆሮው በር ላይ ቆምን፤ እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ። ፑዎት ከጓደኛው ጋር አለፈና «ጋሼ፣ መቆምም አይፈቀድም መሰለኝ» አለ። መሰለኝ! ራሳቸውም አያውቁትም።

«ታዲያ ልግባ?» አለኝ ኦጅዋክ።

«ግቢው አልተጠረገም» አልኩት።

ጠዋት ጠርጌው ነበር።

መጋቢት 3

ሙቀት። እንቅልፍ የለም። መብራት የለም። ኦጅዋክ ዛሬም በር ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ራሴን አሞኛል አልኩት። እውነት ነው፣ አሞኝ ነበር።

ላብራቶሪ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ሶስና ለጽዳቷ ሴትዮ ስታወራ ሰማኋት፤ እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀርኩ። «ስለ ወንበር ነው የምትከራከረው? ስለ ተቀማጩ ነው እንጂ።» ሁለቱም ሳቁ። ቀና አላልኩም። ያየሁትን ናሙና ደግሜ ለማየት ተገደድኩ።

ለሶስና ልነግራት የሚያምረኝ ነገር አለ። ግን ምን?

መጋቢት 10

የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ዘርአብሩክ ራሱ መጣ፤ ዛሬ ያለ ሹራብ። አዳራሹ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነበር፣ ደስ አለኝ፤ ይቅመሳት።

እጄን አወጣሁና ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውስም። መንገዱን አልዘጋንም፣ አልሰረቅንም፣ ያደረግነው መቀመጥ ብቻ ነው አልኩ። ከተማ ማለት ለፎቶ የሚዘጋጅ ሙሽራ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ነው አልኩ። ዛሬ የት እንደምንቀመጥ ከወሰናችሁ ነገ ከማን ጋር እንደምንቀመጥ ትወስናላችሁ አልኩ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ኛሪየክ ተነሥታ «ኢታንግ ጎርፍ አፈናቀለኝ፣ መጣሁ። ማታር ጠብ ነው፣ ሸሸሁ። እዚህ ደጄ ላይ አረፍኩ። አሁን አንተ ግባ ትለኛለህ። ቤት ውስጥ ጭለማ ነው፤ ጭለማ ውስጥ የሞቱትን አስታውሳለሁ» አለች። ከኔ ይልቅ የተናገረችው እሷ ናት።

ከዚያ ሰብሳቢው ኦጅዋክን አየና «አንተስ? ሰፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ ትታያለህ» አለው። ኦጅዋክ ቆመ። ረጅም ነው፣ ሲቆም ሰው ሁሉ ቀና ይላል።

«እኔ በዚህ ሰፈር ቤት የለኝም። ወንበርም የለኝም» አለ። «የተቀመጥኩት በሷ ወንበር ነው። ስለዚህ እሷን ጠይቁ።»

ሰው ሳቀ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፊቴ በእሳት ተለበለበ። ለምን እንዲህ አደረገኝ? በሰው ፊት! ከስብሰባው ስንወጣ ሳላናግረው አልፌው ሄድኩ።

መጋቢት 15

በሪሁን ሰምቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እዚህ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። «የጽዋ ማኅበሩ ሰዎች ፊት አፍሬ ተቀመጥኩ» አለ። «ሰውየውን ክፉ ነው አላልኩም። ጥሩ ሰው ይሆናል። ግን ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ። እናታችን ብትኖር ምን ትል ነበር?»

«እናታችን ደብረ ማርቆስ ሞታለች፤ እኔ ጋምቤላ ነው የምኖረው» አልኩት።

ትክክለኛ መልስ ነበር። ግን የመለስኩት ከሄደ በኋላ ነው፣ ለራሴ። ለእሱማ «ምንም የለም፣ ወሬ ነው» ነው ያልኩት።

ለመንግሥት አፌ አይያዝም። ለወንድሜ ሲሆን ምላሴ ይታሰራል። እንዲህ ዓይነት ፈሪ ሆኜ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭብልኛል።

መጋቢት 22

ዛሬ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ከባድ ነው። በሪሁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያዘውና ቤት ገባ፤ ሽሮ ሠራሁለት። በር ተንኳኳ። በሪሁን እስኪያባራ ቆየ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

መጋቢት 23

አለ።

የኛን በር እንደዚያ የሚያንኳኳው አንድ ሰው ነው፣ በጣቱ ሳይሆን በቁልፉ። ከበረንዳው ሆኜ «ማን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። «ኦጅዋክ ነኝ። ቦቴው ተበላሽቶ ሰፈር አቁሜው ነው፤ ዝናቡ እስኪያልፍ» አለ። በሪሁን ከውስጥ እጁን እንጀራው ላይ እንዳደረገ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም! ቢናገር ይሻለኝ ነበር፤ እልህ ይዞኝ እከፍት ነበር።

«ሰው አለ» አልኩ።

«እሺ» አለ ከውጭ። የእግሩ ድምፅ በጭቃው ሲርቅ ተሰማኝ።

ሰው አለ። እሱስ ምን ነበረ?

መጋቢት 29

አስከባሪዎቹ ዛሬ ልክ አጡ። የሽማግሌው የኦቻን ሚስት ሞታ ሰው ዛፍ ሥር ለቅሶ ተቀምጧል። አይሱዙው መጥቶ የለቅሶውን ወንበር ጫነ። ከአንድ ሽማግሌ ሥር መንጭቀው ሲወስዱ ሰውየው ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይገርማል፤ ድንጋይ አልተወረወረም። ለቀስተኛው በሙሉ ተነሥቶ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ፣ እስከ ዘርአብሩክ ቢሮ በእግሩ ሄደና መሬት ላይ ተቀመጠ። ለቅሶው እዚያ ቀጠለ። ኤሲ ያለበት ክፍል በር ላይ፣ ከበሮ ሳይቀር። ፑዎት ኮፍያውን አውልቆ ከሰው ጋር ተቀመጠ ይባላል።

እኔም ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ኦጅዋክ የሟቿ ዘመድ ነው፤ ከወንዶቹ ጋር ነበር። በዓይኔ ፈለግኩት። እሱ አልፈለገኝም።

ሚያዝያ 2

ደንቡ ተነሣ!

ያችው ፒክአፕ፣ ያው ሞንታርቦ፤ «የኅብረተሰቡን ጥያቄ መሠረት በማድረግ» ምናምን። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ወንበሮቻችንን ከቀበሌው ጓሮ ሄዳችሁ ለዩ ተባልን። የኔ አንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሯል። ሰው ሁሉ እኔን ያመሰግናል፤ «አንቺ ባትናገሪ» ይሉኛል። ደንቡን ያስነሣችው የሞተችው የኦቻን ሚስት ናት። አልተቃወምኩም ግን። ምስጋናውን እየተቀበልኩ ገባሁ።

ማታ ሰፈሩ በሙሉ ውጭ ነው። ልጆች ይጮኻሉ፣ ፒፓው ይጨሳል፣ ሁሉ እንደ ድሮው። ኦጅዋክ አልመጣም።

ሚያዝያ 6

አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሚያዝያ 8

ሥራ አይደለም። ኛሪየክ ነገረችኝ፤ የኢታንግን መስመር ለምኖ ወስዶ እዚያው ያድራል። «አንተ ሙሉ» አለችኝ፣ «ውጭ ተቀመጥ አልከው፣ ተቀመጠ። መንግሥት አስነሣው። ዝናብ መታው። አሁን ምን ብሎ ይምጣ?»

ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ደንቡን ተቆጥቼ ስጮህ ሁሉም ያውቅ ነበር። ተናደድኩባት፤ ፊቴን አዙሬ ገባሁ። በማን እንደተናደድኩ ግን ሳስበው ፒፓዋን ይዛ የተቀመጠች ሴት ምን አደረገችኝ?

ሚያዝያ 10

ስቅለት ነው ዛሬ። ሰግጄ ጉልበቴ አለቀ። ኛሪየክ ነገ ኢታንግ ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች። ለፋሲካ ምሳ ቤቴ እንዲመጣ ለኦጅዋክ ንገሪልኝ አልኳት። ዶሮ እሠራለሁ። በሪሁንም ይኖራል። ይኑር።

ሚያዝያ 11

ኛሪየክ ተመለሰች። መልሱን በቃሉ ነገረችኝ፦

«የፋሲካ ቀን በር ለሁሉም ይከፈታል። ለማኝም ይገባል። ሌላ ቀን ትጥራኝ፤ ተራ ቀን።»

ኩሩ። ደረቅ። ምን ቆርጦት ነው እንዲህ የሚለኝ? ሽንኩርት ስከትፍ አለቀስኩ፤ የሽንኩርቱ ነው ብዬ ለማን ልዋሽ፣ ማንም አልነበረም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። በሪሁን በላ፣ ጠጣ፣ መረቀኝ። «አሁን ሰፈሩም ጸጥ አለ» አለ። ዶሮዬን ሳልጨርስ ሳህኑን አነሣሁ።

ሚያዝያ 17

ተራ ቀን መፈለግ ጀመርኩ። የኛ ቀን መቁጠሪያ ተራ ቀን የለውም! ዛሬ እስጢፋኖስ ነው። እሑድ ዳግም ትንሣኤ። ከዚያ ማርያም፣ ከዚያ ጊዮርጊስ፣ በዚያው ቀን የላብ አደሮች በዓል፣ ቀጥሎ ተክለ ሃይማኖት፣ ቀጥሎ የአርበኞች ቀን። ከፈለግሁ እስከ ሰኔ ሰበብ አላጣም። ሰበብ ማብሰል ላይ ከዘርአብሩክ ምን እለያለሁ? እሱ እንኳ ደንቡን ሽሮታል።

ሚያዝያ 20

ሰኞ። ነገ ማርያም ናት፤ ትሁን፣ ተራ ቀን አድርጌያታለሁ። አስፈቅጄ ሳይሆን ነግሬ ነው ከሥራ የወጣሁት። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ ሁለት ጊዜ ልወርድ አስቤ ነበር።

ኢታንግ ስደርስ ቦቴው የውሃ ታንከር አጠገብ ቆሞ፣ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። ኦጅዋክ የውሃ ጎማውን ይዞ እየቀዳ ነው። ጋውኔን እንኳ አላወለቅኩም፤ ሴቶቹ ክትባት የመጣ መስሏቸው ልጆቻቸውን አቀረቡልኝ።

«ምን ሆንሽ? ሰው ታመመ?» አለኝ።

«ማንም አልታመመም። ነገ ማታ ቤቴ ና።»

«ደጅ?»

«ቤቴ። ውስጥ።»

ሰው ሁሉ ያያል። አማርኛ የሚሰሙትም የማይሰሙትም። ጎማውን ለሴትዮዋ አቀበላት። «ወንድምሽ ይኖራል» አለ።

«ይኖር ይሆናል። ከተቆጣ ይቆጣ። ያኔ በዝናቡ አባረርኩህ። መንግሥት አላዘዘኝም፣ በሪሁንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ። በደልኩህ።»

ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ሴትዮዋ ጮኸች። ሄዶ ቧንቧውን ዘጋና ተመለሰ። «ተናድጄብሻለሁ» አለኝ። «አሁንም ተናድጃለሁ።»

«እንደተናደድክ ና።»

ሲመሽ ከተማ ገባሁ። ለበሪሁን ራሴ ደወልኩለት፤ ከሰው ከሚሰማ ከኔ ይስማ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሚያዝያ 21

ሻይ ላፍላ ብዬ ኩሽና ገብቼ በሻማ ነው የምጽፈው።

በሪሁን ሳይጠራ ቀድሞ መጣ። ሶፋው መሐል እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ኦጅዋክ እንዳይገባ ሊጠብቅ ነው። ኦጅዋክ በቁልፉ አንኳኳ። ሄጄ በሩን እስከ ዳር ከፈትኩት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ አሁንም ኮስተር ያለ ነው። «ጋሼ በሪሁን፣ እንደምን አመሹ» አለና እጁን ዘረጋ። በሪሁን እጁን ሰጠው፤ አሰጣጡን አይቼ ልጣላው ደርሼ ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አይነጋገሩም። በሪሁን እሱ እስኪሄድ ይጠብቃል። ኦጅዋክም በሪሁን እስኪሄድ።

መብራት የለም። ሦስታችንም በላብ ርሰናል። ውጭ ከባሮ በኩል ነፋስ ተነሥቷል፤ ኛሪየክ ደጇ ላይ ከሰው ጋር ስትስቅ ይሰማኛል።

አሁን በሪሁን ከሳሎን ተጣራ፦ «ሙሉ! እዚህ ሙቀቱ ይገድላል። ወንበር አውጥተን ደጅ ብንቀመጥ አይሻልም?»

«አይሻልም» አልኩት።